መገንጠያው

ይህ መኪና የኔ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ነዳሁት፣
በዚሁ በአስፋልቱ ስንቱን ፈረስ ጫንኩበት፤
ባዶውን ነው ሁልጊዜ ወደ ቤት የመለስኩት።

ነጋዴው ቪቶልድ ሲገዛም ሲሸጥም በኪሎ ነው፤
ዳማ ሁን፣ መጋላ ሁን፣ ሚዛኑ መች ሊለየው!
እኔም አልጠየቅሁም፤ የሹፌር ሥራው መንዳት ነው።
ከኋላ ኮቴያቸው ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
የራዲዮውን ድምፅ መጨመር ነው፤ ሌላ ምን ይታሰብ!

በአንድ የጥቅምት ማክሰኞ፣ ገበያው ጭቃ ሲያቦካ፣
የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋ መጣች የፖስታ ቤቷ ያግና ኩልካ።
ውስጡ የሰው መዋጮ፣ ዝሎቲው በክር ታስሮ፣
ከጡረታ ተነጭቶ፣ ከልጅ ቁጠባ ተቆጥሮ፤
አንዲት መበለት የከሰሏን መግዣ ሰጥታ፣
«ዘንድሮ ካልሲ እደርባለሁ» የሚል ብጣሽ ወረቀት አስገብታ።

ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ቪቶልድ ያፏጫል።
ለዘጠኝ ይበቃል።
ዐሥረኛው፣ ግንባረ ቦራው፣ ከአጥሩ እንደ ታሰረ፣
ገመዱን እያኘከ ቀረ።
ስለ እሱ እስከ ዛሬ ድረስ ማናችን ምን ተናገረ?

«ቦጉሚል፣ መኪና አለህ፤ ትወስዳቸዋለህ» አለችኝ፤
ልመናም ትእዛዝም አይደል፤ እንደ ቴምብር ለጠፈችብኝ።

ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ በፍል ውሃ፣ በኮምጣጤ፣
እስኪላጥ ድረስ መዳፌ፣ እስኪዝል ድረስ ጉልበቴ።
አዲስ ገለባ ጎዘጎዝኩ።
ሽታ ግን ሽታ ነው፤ እንጨት ውስጥ ገብቶ ያድራል፤
ለእኔ የጠፋኝን ሽታ የፈረስ አፍንጫ ያገኘዋል።

ስምንቱ ወጡ፣ እንደ ለመደ ሰው፣ አንገት ደፍተው።
አሮጊቷ ባዝራ ግን፣ አምባላይዋ፣ ግንድ ስትጎትት ያረጀችው፣
መወጣጫው ጫፍ ላይ ደርሳ አራት እግሯን ተከለችው።
አጃ አሳየናት። ካሮት።
ያግና ጆሮዋን እያሻሸች ፖስታ እንደምታነብ አንሾካሾከችላት።
ባዝራዋ አሸተተች፤ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፤
ላቧ በዝናቡ መሐል ለብቻው ፈሰሰ፣ ጨው ሆኖ ፈጠጠ።

ምን ብዬ ልንገራት?
«መኪናው ያው ነው፤ ጉዞው ግን ያ አይደለም» ብላት፣
በየትኛው አፌ ልታምነኝ፣ በየትኛው ዓይኔ ልያት?

ቆይቶ ገባኝ።
መኪናው አልነበረም የሸተታት። እኔ ነኝ።

ካፖርቴን አወለቅኩ፣ ጭቃው ላይ ጣልኩት፤
ገመዱን ለያግና ሰጠሁ፤
ሄጄ ከግንቡ ኋላ ቆምኩ፣ ነፋሱ ወደማይወስደኝ።
ያን ጊዜ ወጣች።

መንገዱ አንድ ነው፤ ያው ድልድይ፣ ያው ነዳጅ ማደያ፣
ያው የሾላከ ምልክት፣ እስከ መገንጠያ።
ግራው ወደ ድንበር፣ ቀኙ ወደ ማዙሪ ሐይቅ ይወስዳል፤
እጅ ግን እጅ ነው፣ ሃያ አንድ ዓመት ለምዷል፤
ሳላስበው ፍሬቻው በግራ በርቷል።

ያግና አየችው። ትንፍሽ አላለችም።
ከኋላ አንድ ኮቴ አንዴ ብቻ ቆርቆሮውን መታ፤
ራዲዮ አልከፈትኩም ነበር፤ ሰማሁት ለአንድ አፍታ፤
ከዚያ መሪውን አዞርኩት
ወደ ቀኝ፣ በእርጋታ።

ሲነጋ ደረስን። ሐይቁ በጉም ተሸፍኗል።
አልጋለቡም። ሰው እንደሚያልመው አልቦረቁም።
ወርደው እዚያው መኪናው ጥግ ተጠጋግተው ቆሙ፣
ወደ ክፍቱ መስክ ጀርባቸውን ሰጥተው።

የመስኩ ሽማግሌ ቲሞቴውሽ መዝገቡን ገልጦ፣
እርሳሱን በምላሱ አርጥቦ፣
«ስማቸው ማን ማን ነው?» አለኝ።
አፌን ከፈትኩ።
እኔ የማውቀው ኪሎአቸውን ነው።

ባዝራዋ ብቻ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣
ጤዛ ያዘለ አንድ ጉማጅ ሣር ቀነጠሰች፤
ቆም ብላ፣ እንደሚጠይቅ ሰው፣ አኘከች።

ባዶውን ተመለስኩ፣ እንደ ድሮው።
ያግና ቆርቆሮዋን ወንበሩ ላይ ረስታዋለች፣
ወይ አልረሳችውም።
መገንጠያው ጋ ቆምኩና የዕለቱን ኪራዬን ጣልኩበት፤
ክዳኑ ዝጎ ነበር፣ በቡጢ ነው የዘጋሁት።
ነገ ማክሰኞ ነው።